በጅማ አየር የተሞከረ የነዳጅ ታንክ ማደሻ፦ ከአንድ ሙሉ ክረምት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

በፈረንጆች አቆጣጠር 1982 የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላዬ፣ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት፣ ከአዲስ አበባ ስመለስ የግቤን ወንዝ ተሻግራ ዳገቱን ስትጀምር ጉልበት እያጣች ትቆም ጀመር። ጥቂት ደቂቃ አሳርፌ ሳስነሣት ትነሣለች፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ግን ሞተሩ እንደገና ይጠፋል። በሦስት ወር ውስጥ ካንዴላ ተቀየረ፣ ካርቡራተሩ ተፈትቶ ታጠበ፣ የነዳጅ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ደግሞ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። ሦስተኛውን ፊልትሮ ራሴ ፈትቼ ነጭ ሳህን ላይ ስገለብጠው ከስኒ ግርጌ እንደሚቀር የቡና አተላ ያለ ቡናማ ዝቃጭ ወጣ። ማግኔት ሳስጠጋለት ከፊሉ ተነሥቶ ተጣበቀ። በሽታው ሞተሩ ላይ ሳይሆን ከሻንጣ ማስቀመጫው ሥር ባለው የነዳጅ ታንክ ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ታንኩን በቤቴ ግቢ አውርጄ ያደስሁት የነዳጅ ታንክ ውስጠኛ ክፍልን ለማጠብ፣ ዝገትን ለማከምና ለመለበጥ ተብሎ በሚሸጥ፣ ሦስት ዕቃ በያዘ ኪት ነው። አንደኛው ዕቃ ቅባትና የነዳጅ ሙጫ የሚያጥብ ሳሙናማ ፈሳሽ ነው፤ ሁለተኛው ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማከሚያ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከደረቀ በኋላ ቤንዚን የማያሟሟው የብር ቀለም ያለው ልባጭ ነው። ተመሳሳይ ይዘት ያላቸው ኪቶች በተለያየ ስም ስለሚሸጡ፣ የምጽፈው ስለ አንድ አምራች ሳይሆን ስለ ዕቃው ዓይነትና በእኛ ከተማ አየር ስላለው ጠባይ ነው። ሥራውን የሠራሁት በጥር 2016 ሲሆን ይህን የምጽፈው መኪናዋ አንድ ሙሉ ክረምት ከሠራችበት በኋላ ነው። ገና በደረቀ ማግስት የሚሰጥ ምስክርነት ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ ብዙም አይጠቅምም ብዬ ስለማምን ሆን ብዬ ቆየሁ።

ታንክ ለምን እንደሚዝግ ሳይገባን ማደሱ ላይ መድከም ትርፉ ጥቂት ነው። መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ በወረስነው ቃል ሰልባትዮ የሚሉት ይህ ዕቃ በዚያ ዘመን ይሠራ የነበረው ብዙውን ጊዜ በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ ከተነከረ የብረት ላሜራ ነው። ሽፋኑ ለዓመታት ይጠብቀዋል፤ አንድ ቦታ ከተላጠ ግን እርጥበት ብረቱን ያገኘዋል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በታንኩ ባዶ ክፍል ውስጥ ያለው እንፋሎት ጤዛ ሆኖ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ከ750 ግራም ብዙም ስለማይርቅ ውኃው ከሥሩ ተቀምጦ ዝቅተኛውን ቦታ ሲበላ ይኖራል። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ሁላችንም ታንካችንን ሩብ ሞልተን እንነዳለን፣ ሲብስም ከመንገድ ዳር በጄሪካንና በሃይላንድ የተቀዳ እንገዛለን። ሩብ የሞላ ታንክ ሦስት አራተኛው የጤዛ ማደሪያ ነው፤ የጄሪካኑ ነዳጅ ደግሞ አቧራና ውኃ ይዞ ይመጣል።

ወደዚህ ኪት ከመድረሴ በፊት ሁለት ነገር ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያው ማንኛውም የቆየ ሾፌር የሚያውቀው የደረቅ ሳሙና ዘዴ ነው፤ ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው በጣት ታሽቶ የሚያንጠባጥበው ቀዳዳ ላይ ሲለጠፍ ነዳጁን ያቆማል። መንገድ ላይ ነፍስ አድን ነው፤ ጎማ የሚረጨው የዝናብ ውኃ ግን ሳሙናውን ስለሚያጥበው ለጅማ ክረምት አይሆንም። ሁለተኛው በአንድ ጋራዥ ያሠራሁት ጥገና ነው። ዝገቱን በብረት ብሩሽ ከውጭ ብቻ ፍቀው ማጣበቂያ ቀቡበት፣ አንቲረስት ቀለም ደረቡበት፣ ገንዘቡን ከፈልሁ። በአምስተኛው ሳምንት ከማጣበቂያው ጠርዝ ሥር ነዳጅ ማዠት ጀመረ። ቅር ያሰኘኝ ማዠቱ ብቻ አልነበረም፤ ታንኩን ሳያወርዱ፣ ውስጡንም ሳያዩ ዋስትና መስጠታቸው ነው። ቀዳዳው የመጣው ከውስጥ ነውና ከውጭ የሚቀባ ነገር ለብቻው ሊያድነው አይችልም።

ስለ ብየዳ የማማክራቸው አንድ አዛውንት በያጅ በሰፈራችን አሉ። «ጋሼ፣ ታንኩን ባመጣልዎት ይበይዱልኛል?» ብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ ሙሉውን ታንክ አልፈራም፤ የምፈራው ባዶውን ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ባለው መጠን መካከል በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል፤ ባዶ የተባለ ታንክ ደግሞ በስፌቱና በዝገቱ ሥር ከቀረው ጠብታ ይህን መጠን በቀላሉ ይሞላል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት ስለሚያወጣ «ቀዝቅዟል፣ ደርቋል» ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚደረገው እድሳት እሳት የማይነካው ሥራ ብቻ መሆን አለበት። የኪቱ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ይመስለኛል፤ ከመርፌ ጫፍ ያልበለጡ ቀዳዳዎችን ያለ እሳት ይደፍናል።

ታንኩን ከማውረዴ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ፤ ነዳጁን በእጅ ፓምፕ ወደ ብረት ጄሪካን ቀዳሁት። ግቢዬ ውስጥ በረንዳ ላይ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ይፈላል፣ ከሰሉም ገና ከጠዋት ይቀጣጠላል። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅተኛውን ቦታ ይፈልጋል። የእኛ ከሰል ምድጃ ደግሞ የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው። በእነዚያ ቀናት ቡናው ጎረቤት ሄዶ እንዲፈላ ቤተሰቤን ለመንሁ፣ እነርሱም ሳያንገራግሩ ተስማሙ። መመሪያው ላይ «ከእሳት ያርቁ» የሚል አንድ መስመር ብቻ አለ፤ በየበረንዳው ምድጃ ባለበት አገር ይህ አንድ መስመር አይበቃም።

አጠባው ከጠበቅሁት በላይ ተሳካ። የመጀመሪያውን ፈሳሽ በሙቅ ውኃ በጥብጬ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጭን ሰንሰለት ከታንኩ ውስጥ ጨምሬ፣ ታንኩን በአሮጌ ፍራሽ ጠቅልዬ ከሁለት ወንድሞቼ ጋር ግቢውን ወዲያና ወዲህ አንከባለልነው። ብዙ ሰው ለዚህ ዳዶ (የቡሎን ማሰሪያ) ወይም ጠጠር ይጨምራል። ዳዶ የሚጨምር ሰው ሲያስገባ ቆጥሮ ሲያወጣም መቁጠር ይኖርበታል፤ በታንኩ ውስጥ ነዳጅ እንዳይናወጥ የሚያግዱ ክፍልፋዮች ስላሉ አንዱ ከኋላቸው ተሸሽጎ ይቀራል። ሰንሰለት ግን ጫፉ በእጅ ስለሚያዝ ሁሉም ተከትሎ ይወጣል። የወጣው ውኃ መጀመሪያ እንደ ጥቁር ቡና፣ ከአራተኛው እጣቢ በኋላ እንደ ቀጭን ሻይ ሆነ፤ ያንን የቆየ፣ ቀለም ቀለም የሚሸት የተበላሸ ቤንዚን ጠረን ሙሉ በሙሉ ወሰደው። በዚህ ደረጃ ለኪቱ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

አሲዱ ሥራውን የሚሠራው በመፋቅ ሳይሆን ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት በመለወጥ ነው። ታንኩን በየግማሽ ሰዓቱ ጎን እየለወጥሁ ሁሉንም ግድግዳ ካስነካሁት በኋላ በእጅ ባትሪ ሳየው ቀዩ ዝገት ሄዶ አመድማ ሽፋን ተተክቷል። ጓንትና መነጽር ግድ ነው፤ ከኪቱ ጋር የመጣው ጓንት ግን በመጀመሪያው ሰዓት ስለተቀደደ ከመድኃኒት ቤት ሌላ ገዛሁ። ታንኩ እርሳስ ያለበት ሽፋን ሊኖረው ስለሚችል የውጭውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ በውኃ አርሼ ነበር፤ አቧራው ሳምባ እንዳይገባ። ያገለገለውን አሲድ በቤኪንግ ሶዳ አረፋው እስኪያልቅ ካበረድሁት በኋላ ከቆሻሻው ነዳጅ ለይቼ በጄሪካን አሸግሁት። አዌቱ ወንዝ በከተማችን መካከል እየሄደ የምንጥልበትን ሁሉ ተሸክሞ ኖሯል፤ የታንክ እጣቢ ሊጨመርበት አይገባም።

የኪቱ ትልቁ ድክመት የሚታየው ከዚህ በኋላ፣ በማድረቁ ላይ ነው። መመሪያው «በሞቃት አየር ሙሉ በሙሉ ያድርቁ» ብሎ ያልፋል፣ እንደ ቀላል ነገር። እኔ ጠዋት አጥቤ፣ የፀጉር ማድረቂያ በአሮጌ ቱቦ አገናኝቼ ስነፋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ጠፋ። መብራቱ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ስንጠብቅ ከሥር በኩል እንደ በርበሬ ዱቄት ያለ ቀጭን ብርቱካናማ ዝገት ተዘርቶ አገኘሁት። እርጥብ ባዶ ብረት አየር ሲያገኝ በዚህ ፍጥነት ይዝጋል። የቀረችኝን አሲድ ይዤ ሁለተኛውን እርምጃ እንደ አዲስ ደገምሁት።

በሁለተኛው ቀን ያዳኑኝ ጎረቤታችን ናቸው። እትዬ በግቢያቸው ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ቡና ያደርቃሉ። ከሥር አየር እንዲያልፍ የተሠራውን አልጋ አይቼ ታንኬን ጥግ ላይ እንዲያስቀምጡልኝ ብለምናቸው፣ «ወይ ልጄ! ቡና እኮ ሽታ ይስባል፤ ዘንድሮ የለቀምሁትን ሁሉ ቤንዚን ልታስሸትትብኝ ነው?» ብለው ከአጥሩ ወዲያ አራቁኝ። ትርፍ የሽቦ ወንፊት ግን ሰጡኝ፣ ምክርም ጨመሩልኝ፤ «ፀሐይ የነካው ሁሉ ደረቀ አይባልም። ቡናም ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ የሚሆን አለ።» በዚህ ቃል ተነሥቼ አንድ መፈተኛ ዘዴ አበጀሁ። የነዳጅ መለኪያው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ወጥሬ በጎማ አሰርሁት፣ ታንኩን በወንፊቱ ላይ አድርጌ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተውሁት። ደረቀ ብዬ የማልሁበት ታንክ የላስቲኩን ውስጠኛ ገጽ በጠብታ ሞላው፤ እንደ ድስት ክዳን። ላስቲኩን እየጠረግሁ፣ ታንኩን እያናፈስሁ፣ በጣት ሲዳሰስ ምንም እርጥበት እስኪጠፋ ድረስ አምስት ጊዜ ደጋገምሁት። አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ውኃውን ለማስወጣት ንጹሕ አልኮል አለቅልቆ መድፋትም ይረዳል፤ አልኮል የተጠቀመ ሰው ግን ጠረኑ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወደ ታንኩ እንዳያስጠጋ አጥብቄ አሳስባለሁ።

ልባጩ የሚጠነክረው በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር በመዋሐድ ነው። ይህ ለጅማ ሰው መልካም ዜና ይመስላል፤ በእርግጥም ከፈሰሰ በኋላ የሚደርቅበት ችግር አላየሁም። ነገር ግን በብረቱ ላይ የቀረ የውኃ ጠብታ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ልባጩ አረፋ ይሠራል፣ ሥር አይይዝም፣ ከጊዜ በኋላም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣና ፊልትሮውን ይደፍነዋል። «ኪቱ ተላጠብኝ» የሚሉ ሰዎችን ሳነጋግር አብዛኞቹ በሐምሌና በነሐሴ፣ በአንድ ቀን አጥበው በዚያው ቀን የለበጡ ሆነው አገኘኋቸው። ለጅማ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ መምረጥ ይሻላል፤ ክረምት ላይ ታንክ የተቀደደበት ሰው ዝናብ ባጠበው ቁጥር ሳሙናውን መልሶ እየለጠፈም ቢሆን በጋን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ቆርቆሮውን ከፍቼ ልባጩን ስጨምር የአፍና የመለኪያ ቀዳዳዎቹን በሰፊ ቴፕ ዘግቼ ነበር። ታንኩን በዝግታ፣ እንደ ምጣድ ማሰሻ፣ ሁሉም ግድግዳ እስኪነካ አዙሬ ትርፉን ወዲያው አፈሰስሁት፤ ሥሩ ላይ ተጠራቅሞ የሚቀር ልባጭ ከላይ ቆዳ ያወጣል፣ ከውስጡ ግን ለሳምንታት እንደ ሙጫ ይቆያል። ነዳጅ የሚስበውንና የሚመልሰውን ቀጭን ቱቦ፣ እንዲሁም የመተንፈሻውን ቱቦ በብስክሌት ፓምፕ ነፍቼ ክፍት መሆናቸውን አረጋገጥሁ። መመሪያው ይህን አይናገርም። አንድ ወዳጄ ይህን ዘንግቶ መሳቢያው ተደፍኖበት ታንኩን በሙሉ መልሶ አውርዶታልና በእኔ እምነት ይህ ከሁሉ የከፋው የመመሪያው ግድፈት ነው። ከስፌቱ አጠገብ የነበሩትን ሦስት ቀዳዳዎች በቀረው ልባጭ የመስታወት ጭረት (ፋይበር ግላስ) ጨርቅ ነክሬ ከውጭ ደረብሁባቸው። ልባጩ እጅ ላይ ከደረቀ ሳሙናም ቤንዚንም አያስለቅቀውም፤ የተከፈተ ቆርቆሮም ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም፣ ክዳኑ ተጣብቆ ይቀራልና። ከዚያ 96 ሰዓት ጠበቅሁ። በዚህ ላይ ማሳጠር የለም።

ከመግጠሜ በፊት ቀዳዳዎቹን ሁሉ ዘግቼ በአፌ ነፋሁበት፣ ውጩን የሳሙና አረፋ ቀባሁት፤ አንድም ቦታ አልተንተከተከም። ኮምፕሬሰር ለዚህ አይሆንም፤ ቀጭን ላሜራ ስለሆነ በትንሽ ግፊት ይነፋል። የመለኪያውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በአዲስ ቀየርሁ፤ የተሰነጣጠቁ የጎማ ቱቦዎችንና ፋሼታዎቻቸውንም (ማጥበቂያ ቀለበቶቻቸውንም) አብሬ ለወጥሁ፤ ታንኩ አንዴ ከወረደ ይህን መተው ከንቱ ቁጠባ ነው።

ወጪውን በሚመለከት፣ ኪቱና ትንንሾቹ ዕቃዎች ተደምረው ከአዲስ አበባ መርካቶ ላገለገለ ታንክ ከተጠየቅሁት ዋጋ ከግማሽ በታች ሆኑልኝ፤ ያ ታንክም ቢሆን ውስጡ የዛገ ነበር። አንድ ኪት እንደ እኔው ወደ 50 ሊትር ለሚይዝ ታንክ በቂ ነው፣ አሲዱ ግን ለስህተት ቦታ አይሰጥም፤ እንደ እኔ አንዴ መድገም የመጣበት ሰው ጠርሙሱን አሟጦ ይጨርሰዋል። ለትልቅ ላንድክሩዘር ታንክ ሁለት ኪት ይታሰብ። ጣት የሚነካው ላሜራ የሚሰነጠቅ ወይም እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ከሆነ፣ ወይም ቀዳዳው ከስንዴ ፍሬ ከበለጠ፣ ይህን ኪት አልመክርም፤ የሚለበጥ ብረት በቅድሚያ መኖር አለበት። ፕላስቲክ ታንክ ላላቸው አዳዲስ መኪኖችም አይደለም። ግቢ የሌለው፣ በጋራ ኮሪደር የሚኖር ሰው ደግሞ ስለ እሳቱ ሲባል ቤቱ ባይሞክረው እመርጣለሁ።

በተረፈ ዕቃውን ከአምስት አራት ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ አንዱን ነጥብ የቀነስሁት ስለ ማድረቅና ስለ ቱቦዎቹ ዝም ባለው መመሪያ ምክንያት ነው። ከእድሳቱ ወዲህ ወደ አዲስ አበባ አራት ጊዜ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ በየአንዳንዱ ጉዞ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ ነው። የግቤን ዳገት መኪናዋ ሳትቆም ወጥታዋለች። መስከረም ላይ ክረምቱ እንዳለፈ የመለኪያውን ክዳን ፈትቼ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ተመለከትሁ፤ ግድግዳው እንደተለበጠ ነው፣ በአንድ ጥግ ብቻ የጥፍር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ቀለሙ ደብዝዟል። ፊልትሮውንም ያንኑ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጥሁት። የወጣው ንጹሕ ቤንዚንና ሁለት የአሸዋ ቅንጣት ነበር፤ ማግኔቱ አላነሣቸውም።